እምነትን በየዕለቱ መኖር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከእነዚህ ጥያቄዎች ብዙዎቹን እኔም ጠይቄያቸዋለሁ። ሌሎቹን ከሰንበት ትምህርት ቤት ጓደኞቼ፣ ከጽዋ ማኅበር፣ አንዳንዴም ታክሲ ውስጥ አጠገቤ ከተቀመጠ ሰው ሰምቻቸዋለሁ። የምጽፈው ከኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሕይወት ውስጥ ሆኜ ነው፤ የማውቀው እሱን ነውና። ካህን አይደለሁም። ስለዚህ የግል ጉዳያችሁን በሚነካ ነገር ሁሉ የንስሐ አባታችሁ ቃል ከእኔ ጽሑፍ ይቀድማል።

እምነት የልብ ነገር አይደለም ወይ? ለምን ሥራ፣ ሥራ ይባላል?

የልብ ነገር ነው። ግን ልብ ለብቻው አይኖርም። ከእጅ፣ ከጉልበት፣ ከሆድና ከአንደበት ጋር ነው የሚኖረው። ቤተ ክርስቲያናችን ይህን ስለምታውቅ እምነትን ለሰውነታችን ሁሉ አካፍላዋለች። እጅ ያማትባል። ጉልበት ይሰግዳል። ሆድ ይጾማል። እግር ለቅዳሴ በሌሊት ይነሣል። አንገት እንኳ ማተብ ይታሰርበታል።

ሐዋርያው ያዕቆብ «ከነፍስ የተለየ ሥጋ የሞተ እንደ ሆነ እንዲሁ ደግሞ ከሥራ የተለየ እምነት የሞተ ነው» ይላል (ያዕ. 2፥26)። ይህን ቃል ብዙ ጊዜ ሌላውን ለመውቀስ እናነሣዋለን። እኔ የሚጠቅመኝ ራሴን ስመረምርበት ነው። እምነቴ ሲደክም ስሜቴን መመርመር ትቻለሁ። «ባለፈው ሳምንት ምን አደረግሁ? ምንስ ተውሁ?» ብዬ እጠይቃለሁ። መልሱ አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ይገኛል። ወይ ጸሎቴን አቋርጫለሁ፤ ወይ ከአንድ ሰው ጋር ተኳርፌያለሁ።

ከየት ልጀምር?

ከአንድ ነገር ብቻ። ከጠዋት ጸሎት ጀምሩ ብል ደስ ይለኛል።

ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ዐቢይ ጾም ሲገባ ሁሉን በአንድ ቀን እንጀምራለን። ሰባቱንም ሰዓት እጸልያለሁ፣ ዳዊት እደግማለሁ፣ በየቀኑ 41 ስግደት እሰግዳለሁ፣ ኪዳን አይቀርብኝም እንላለን። ሦስተኛው ሳምንት ላይ አንዱም የለም። ከዚያ ሐፍረቱ ራሱ ከጸሎት ያርቀናል። እኔ ለብዙ ዓመት እንዲህ ነበርሁ። የንስሐ አባቴ አንድ ቀን «ልጄ፣ ሰባቱን ተይው። አንዱን ያዢ፤ ግን እንዳትለቂው» አሉኝ። የያዝሁት አንዱ ነው ሌላውን ያመጣው።

አድራጎቱ ቀላል ነው። ከአልጋ ተነሡ፤ ተኝታችሁ አትጸልዩ። ፊታችሁን ታጠቡ። ወደ ምሥራቅ ዞራችሁ ቁሙ። ከግንባር ወደ ደረት፣ ከግራ ትከሻ ወደ ቀኝ አማትቡ። «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ» በሉ። አባታችን ሆይን፣ ቀጥሎ ሰላምታውን ለእመቤታችን አድርሱ። ከዚያ አንድ መዝሙር ከዳዊት፣ ወይም የዕለቱን ውዳሴ ማርያም አንብቡ። መጨረሻ ላይ የሦስት ሰዎችን ስም ጠርታችሁ ለምኑላቸው። አንዱ የምትወዱት፣ አንዱ የታመመ፣ አንዱ ደግሞ ያስቀየማችሁ ሰው ይሁን። ይህ ሁሉ ዐሥር ደቂቃ ቢወስድ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ጸሎት ከስልክ ይቅደም። እኔ ስልኬን ቻርጅ የማደርገው ሳሎን ነው። ለመቀስቀሻ አንድ ትንሽ የጠረጴዛ ሰዓት ገዛሁ። ይህች ትንሽ ለውጥ ከሰማኋቸው ብዙ ስብከቶች ይልቅ ረድታኛለች። አልጋ ላይ ሆኖ ፌስቡክ የከፈተ ሰው ለጸሎት ሲቆም ልቡ አስቀድሞ ሌላ ቦታ ሄዷል።

ሰባቱን የጸሎት ጊዜያት ሥራ ላይ ሆኜ እንዴት መጠበቅ እችላለሁ?

መዝሙረኛው «ሰባት ጊዜ በቀን አመሰግንሃለሁ» ባለው መሠረት ሰባት ጊዜያት አሉን። ነግህ ጠዋት 12 ሰዓት ነው። ሠለስት 3 ሰዓት፣ ቀትር 6 ሰዓት፣ ተሰዓት 9 ሰዓት፣ ሠርክ 11 ሰዓት ነው። ከዚያ የመኝታ ጸሎት ነዋም፣ በመጨረሻም መንፈቀ ሌሊት ይመጣል።

እዚህ ላይ እኛ አማርኛ ተናጋሪዎች አንድ ጸጋ አለን። የእጅ ሰዓታችን ከወንጌሉ ሰዓት ጋር አንድ ነው። ወንጌል ጌታ በመስቀል ላይ ሳለ ከስድስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጨለማ ሆነ ሲል፣ እኛ ምሳ የምንወጣበትና ከሰዓት በኋላ ሥራ የሚከብደን ያው ሰዓት ነው። በሦስት ሰዓት መንፈስ ቅዱስ በሐዋርያት ላይ ወረደ ሲባል ለሻይ የምንወጣበት ሰዓት ነው። ሌላ አገር ያለ ሰው ይህን ለመረዳት መቀነስና መደመር አለበት። ዋሽንግተን ወይም ለንደን ያላችሁም ከጠዋቱ ዘጠኝ የሚለውን ሰዓት «ሦስት ሰዓት» ብላችሁ በልባችሁ ካነበባችሁት ያው ነው።

ስለዚህ ቢሮ ውስጥ ሆናችሁ መጽሐፍ መግለጥ የለባችሁም። ቀትር ላይ ለምሳ ስትነሡ በልባችሁ አማትባችሁ «ስለ እኔ የተሰቀልህ ጌታ ሆይ ማረኝ» በሉ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነፍሱን የሰጠበትን አስቡ። ግማሽ ደቂቃ ይበቃል። ነግህንና ነዋምን ግን በደንብ ቆማችሁ አድርሱ። የቀኑ በርና መዝጊያ ናቸው።

ስጸልይ ሐሳቤ ይበተናል፤ ምንም ነገርም አይሰማኝም። ጸሎቴ ከንቱ ነው ማለት ነው?

አይደለም። ሐሳባችሁ ወደ ቤት ኪራይ ከሄደ ስለ ቤት ኪራዩ ጸልዩ። ወደተጣላችሁት ሰው ከሄደም እንዲሁ። ድምፅ አውጥታችሁ ማንበብ ይረዳል፤ ጆሮ ሲሰማ ልብ ይመለሳል። በጣም ሲበታተን አንድ ሁለት ጊዜ ስገዱ። (እሑድና ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ስግደት የለም፤ ያኔ ቆማችሁ ቀጥሉ።)

ስሜቱን በተመለከተ፣ ልጁን ሌሊት ተነሥታ የምታጠባ እናት በየሌሊቱ ልቧ በደስታ አይሞላም። እንቅልፏ ያታግላታል። ፍቅሯ ግን ያ መነሣቷ ነው። በወንጌል የታመመ ልጁን ይዞ የመጣው አባት «አምናለሁ፤ አለማመኔን እርዳው» አለ (ማር. 9፥24)። ጌታም «መጀመሪያ እምነትህን አሟላ» አላለውም። ልጁን ፈወሰለት።

ግእዝ አይገባኝም። በአማርኛ ብጸልይ ይሆናል?

ይሆናል። ዳዊቱም ውዳሴ ማርያሙም በአማርኛ አለ። ቅዳሴው እንዲገባችሁ ግን በሳምንት አንድ የግእዝ ዐረፍተ ነገር ተማሩ። «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» ምን ማለት እንደሆነ ካወቃችሁ ጀምራችኋል።

ጾም የምግብ ለውጥ ብቻ ሆኖብኛል። እንዴት እውነተኛ ላድርገው?

ይህን ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው ጾሙ ገብቶታል ማለት ነው።

አሁን አዲስ አበባ ውስጥ የጾም ኬክ አለ፤ የጾም ፒዛ አለ፤ በያይነቱውም ከክትፎ የሚያስንቅ ሆኗል። ምግቡ በራሱ ኃጢአት የለበትም። ነገር ግን ጾም ከሥጋና ከወተት መከልከል ብቻ አይደለም። ሦስት ነገር ረስተናል ብዬ አምናለሁ፤ ሰዓቱን፣ መጠኑንና ገንዘቡን።

ሰዓቱ። ጾም ማለት መጀመሪያ ምግብ ሳይቀምሱ መቆየት ነው። አባቶች እንደየጾሙ እስከ 9 ሰዓትም ከዚያ በላይም ይቆያሉ። ለጀማሪ ቁርስን መተው በቂ መነሻ ነው። አቅማችሁን ከንስሐ አባታችሁ ጋር ተመካከሩበት። ከጠዋት እስከ ማታ የጾም ምግብ እየበሉ መዋል ግን ሆድን ምንም አያስተምረውም።

መጠኑ። ረኃብ ትንሽ መሰማት አለበት። ረኃብ ሲሰማኝ ትዕግሥቴ ምን ያህል እንደሆነ ይታየኛል። በጾም ቀን ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ የምናገረው ቃል ስለ ልቤ ብዙ ይነግረኛል። ቅዱስ ያሬድ በጾም ዜማው ዓይንም፣ አንደበትም፣ ጆሮም ይጹም ያለው ለዚህ ነው። በዐቢይ ጾም ሥጋ ትቶ ሰው ማማት ምን ይረባል?

ገንዘቡ። ይህ በጣም ተረስቷል። ነቢዩ ኢሳይያስ በምዕራፍ 58 እግዚአብሔር የሚወደው ጾም እንጀራን ለተራበ መቁረስ እንደሆነ በግልጽ ይናገራል። ለሥጋ፣ ለቅቤ፣ ለእንቁላልና ለወተት ታወጡት የነበረው ገንዘብ በጾም ወራት የት ይሄዳል? ለጾም ኬክ ከሄደ ቦታ ብቻ ነው የለወጠው። ቤታችን ውስጥ አንድ ፖስታ አለ። በየሳምንቱ ያልበላነውን ሥጋ ዋጋ እንከትበታለን። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነውና ሲያልቅ ቀላል ገንዘብ አይሆንም። በዋዜማው ዶሮ መግዛት ላልቻለ ቤት ይደርሳል። ፋሲካን እንደዚያ ዓመት አክብሬ አላውቅም፤ ከጎረቤት ቤት የሽንኩርት ቁሌት ሲሸተኝ እንባዬ መጣ።

ለጀማሪ ረቡዕና ዓርብ ይበቃሉ። ረቡዕ ጌታን ሊይዙት የተማከሩበት፣ ዓርብ የተሰቀለበት ቀን ነው። በዓመት ውስጥ ከትንሣኤ በኋላ ካሉት 50 ቀናት በስተቀር አይቀሩም። (ልደትና ጥምቀት ሲውሉባቸው ግን ይሻራሉ።) ከሰባቱ አጽዋማት እነዚህን ያጸና ሰው ነነዌና ፍልሰታ አይከብዱትም።

ታምሜያለሁ፤ መድኃኒት እወስዳለሁ። ካልጾምሁ እምነቴ ይጎድላል?

አይጎድልም። ለሕመምተኛ፣ ለነፍሰ ጡርና ለምታጠባ እናት ቤተ ክርስቲያን ርኅራኄ አላት። የስኳር ሕመምተኛ ሆናችሁ በራሳችሁ ፈቃድ አትጹሙ፤ ሐኪማችሁንም የንስሐ አባታችሁንም ጠይቁ። በጸሎትና በምጽዋት የሚጾም ብዙ ሕመምተኛ አለ።

በየመንገዱ እጁን የሚዘረጋው ሁሉ እውነተኛ ተቸጋሪ አይደለም። እንዴት ልስጥ?

ሁሉን መርምሮ መስጠት አይቻልም። እኔ የወሰንሁት፣ ለሚጠይቀኝ ከኪሴ ትንሽ እሰጣለሁ፤ ዋናውን ግን በዕቅድ አደርጋለሁ። ደመወዝ በገባ ቀን፣ ሌላ ነገር ሳይነካው፣ ዐሥራት ይነሣል። ከ100 ብር 10 ብር ነው። በወሩ መጨረሻ ከተረፈ እሰጣለሁ ያለ ሰው አይሰጥም፤ አይተርፍምና።

ገንዘብ ብቻ አይደለም። «የኔ ቢጤ» የምንለውን ሰው ስሙን ጠይቀን እናውቃለን? በየሳምንቱ እዚያው የቤተ ክርስቲያን በር ላይ የሚቀመጡ እናት አሉ። ስማቸውን የጠየቅኋቸው ከአራት ዓመት በኋላ ነው። አሁን እማማ ብዬ እጠራቸዋለሁ፤ እሳቸውም በጸሎታቸው በስሜ ይጠሩኛል።

ጊዜ ያለው ሰው ደግሞ ሰውነቱን ይስጥ። አዲስ አበባ ውስጥ መቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል አለ። ሄዶ አረጋዊ ማጠብ፣ ማጉረስ፣ ጥፍር መቁረጥ ይቻላል። «ታምሜ ጠይቃችሁኛል» የሚለውን ቃል እዚያ ቆሞ መስማት ሌላ ነው።

እናቴ ደግሞ ከየጋገራው ሁለት እንጀራ ታስቀራለች። ለብቻቸው የሚኖሩ አንድ ሽማግሌ ጎረቤት አሉ። ለሃያ ዓመት ያህል ስለዚህ ነገር ለማንም አውርታ አታውቅም። እኔም ያወቅሁት መሶቡን እንዳደርስ ስላከችኝ ነው።

ከሰው ጋር ተጣልቻለሁ። ጥፋቱ የእሱ ነው። እየጸለይሁ መቀጠል አልችልም?

ጌታ የተናገረው ግልጽ ነው። መባህን ይዘህ መጥተህ ወንድምህ አንዳች በአንተ ላይ እንዳለው ብታስብ፣ መባህን እዚያው ትተህ ሂድ፤ አስቀድመህ ታረቅ ይላል (ማቴ. 5፥23-24)። አስተውሉ፤ «አንተ በእሱ ላይ ካለህ» አይደለም የሚለው። እሱ በአንተ ላይ ካለው ነው። ማን ጥፋተኛ ነው የሚለውን ጥያቄ እንኳ አያነሣም።

ስለዚህ ጉዳይ ከራሴ ሕይወት ልናገር። ከታላቅ ወንድሜ ጋር ሦስት ዓመት ተኳርፈን ነበር። አባታችን ካረፈ በኋላ በቤት ኪራይ ገንዘብ ምክንያት ነው። እውነት ለመናገር ሒሳቡ ላይ እኔ ትክክል ነበርሁ። አሁንም ትክክል ነበርሁ ብዬ አምናለሁ። በእነዚያ ሦስት ዓመታት ግን ጸሎቴ ደረቀ። አስቀድሳለሁ፣ እጾማለሁ፣ ማኅበር እጠጣለሁ። «በደላችንን ይቅር በለን፣ እኛም የበደሉንን ይቅር እንደምንል» የሚለው ላይ ስደርስ ድምፄን ዝቅ አደርጋለሁ። ልጄ አንድ ቀን «እማዬ፣ እዚህ ጋ ለምን ቀስ ትያለሽ?» አለችኝ።

ለንስሐ አባቴ ነገርኋቸው። ብዙ ስግደት ይሰጡኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። «ቀኖናሽ ይህ ነው» አሉኝ፤ «እሑድ ከቅዳሴ ስትወጪ ወንድምሽ ቤት ሄደሽ ቡና ጠጪ።» ስግደቱ ይሻለኝ ነበር።

ሄድሁ። ዳቦ ገዝቼ ያዝሁ። በሩን ራሱ ከፈተው። ሁለታችንም ቆመን ቀረን። «ጋሼ፣ ይቅር ለእግዚአብሔር» አልሁት። ሌላ ንግግር አዘጋጅቼ ነበር፤ ሁሉም ጠፋብኝ። እሱም «ይቅር ለእግዚአብሔር፣ ግቢ» አለኝ። ባለቤቱ ቡና አፈላች። ያን ቀን ስለ ገንዘቡ አንድም ቃል አልተነሣም። የገንዘቡ ነገር ከወራት በኋላ በሁለት ሽማግሌዎች ፊት ነው ያለቀው። ሁሉም እኔ እንደፈለግሁት አልሆነም። ጸሎቴ ግን የተመለሰው ያን እሑድ ማታ ነው፤ ገና ሒሳቡ ሳይዘጋ።

«ይቅር ለእግዚአብሔር» የሚለውን ቃል አስቡት። ይቅር የምንለው ሰውየው ስለሚገባው ነው አይልም፤ ለእግዚአብሔር ብለን ነው። አያቶቻችን ይህን ቃል ሲያወርሱን ከባዱን ነገር አቅልለውልናል።

አንድ ማሳሰቢያ ግን አለ። የሚመታችሁ፣ የሚያስፈራራችሁ፣ ልጆቻችሁን የሚጎዳ ሰው ካለ ይቅር ማለት ወደ ጉዳቱ መመለስ ማለት አይደለም። ራሳችሁን አድኑ፤ እርዳታ ጠይቁ። ይቅርታ በርቀትም ይደረጋል።

ሥራ ቦታ ላይ ክርስትናን መኖር ማለት መንፈሳዊ ነገር ማውራት ነው?

አይመስለኝም። ብዙ ያወራን አለን። የሥራ ባልደረባ የሚያየው ሌላ ነገር ነው። ሰዓት ታከብራለህ? የሌላውን ድካም በስምህ ታቀርባለህ? «ሻይ ቡና» ሳትል ፋይሉን ታንቀሳቅሳለህ? ነጋዴ ከሆንህ ሚዛንህ ልክ ነው? የታክሲ ረዳት ተሳስቶ መልስ ሲያበዛልህ ትመልሳለህ?

ቀራጩ ዘኬዎስ ጌታ ቤቱ በገባ ቀን ያደረገውን ተመልከቱ። የሀብቱን እኩሌታ ለድሆች ሰጠ፤ ያታለለውንም አራት እጥፍ መለሰ (ሉቃ. 19፥8)። እምነቱ የታወቀው በሒሳቡ ነው። ከዚህ በፊት የወሰዳችሁት የማይገባ ነገር ካለ መመለሱ የንስሐው አካል ነው። የት እንደሚመለስ ካልታወቃችሁ የንስሐ አባታችሁን አማክሩ።

ቤተሰቤ አብሮኝ አይጸልይም። ምን ላድርግ?

አታስገድዱ። ባልን ወይም ሚስትን «አንተ እኮ አትጸልይም» እያሉ ወደ ጸሎት ያመጣ ሰው አላየሁም። ከማዕድ በፊት አንድ አባታችን ሆይ በጋራ ማለት ጥሩ መጀመሪያ ነው። ልጆች ከምክራችን ይልቅ ቆመን ሲያዩን ይማራሉ። የፍልሰታ ጾም፣ ከነሐሴ 1 እስከ 15፣ ለልጆች ደስ የሚል ጊዜ ነው። ትምህርት ቤት ዝግ ነው፤ ሥጋ ወደሙ ለመቀበል ራሳቸው ይቀሰቅሱናል።

ስለ ቤት ከተነሣ ግን አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። እኛ ቅዳሴ ስንሄድ ቤት ጠብቂ የምንላት ልጅ ማን ናት? የቤት ሠራተኛችን ሰንበት አላት? ቅዳሴ ትሄዳለች? የምትበላው እኛ የምንበላውን ነው? ደመወዟ በቀኑ ይደርሳታል? ያዕቆብ በመልእክቱ የተቀማው የሠራተኞች ደመወዝ ይጮኻል ብሏል (5፥4)። ቤቱን በጸበል አስረጭቶ፣ በሥዕል ሞልቶ፣ ያቺን ልጅ ማስለቀስ ከሁሉ የከፋ ነው። እምነታችሁን በየቀኑ ለመለማመድ የምትፈልጉ ከሆነ ከወጥ ቤታችሁ የቀረበ ቦታ የለም።

የንስሐ አባት የለኝም፤ ኃጢአቴን ለሰው መናገርም አፍራለሁ።

ብዙ ቤተሰብ የንስሐ አባት አለው። የሚመጡት ግን ጸበል ለመርጨት ብቻ ነው። ጸበሉ ተረጭቶ፣ ጠበል ጻድቁ ተቀምሶ ይሸኛሉ። በሚቀጥለው ሲመጡ «አባ፣ ለብቻችን ላነጋግርዎት» በሏቸው። ከሌላችሁ በአጥቢያችሁ ቅዳሴ ሲወጣ አንድ ቄስ ጠጋ ብላችሁ መስቀል ተሳልማችሁ «የንስሐ አባት ይሁኑኝ» በሏቸው። ይኸው ነው።

ማፈር ጥሩ ነው፤ መደበቅ ነው መጥፎው። ቃላት ከጠፋችሁ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ሂዱ። ከተናገራችሁ በኋላ ቅደዱት። ካህኑ የሰሙትን ለማንም እንዳይናገሩ በሥርዓት የታሰሩ ናቸው። ቀኖና ይሰጧችኋል፤ ጾም፣ ስግደት፣ ጸሎት ወይም ምጽዋት ሊሆን ይችላል። ቀኖናውን ቅጣት አድርጋችሁ አትዩት፤ መድኃኒት ነው። ስትጨርሱም «እግዚአብሔር ይፍታ» የሚለውን ቃል ስትሰሙ ትከሻችሁ ላይ የነበረው ምን ያህል ይከብድ እንደነበር ያኔ ይታወቃችኋል።

ሥጋ ወደሙ ለመቀበል አልበቃሁም። መቼ ልቁረብ?

ቅዳሴ ላይ ቆማችሁ ተመልከቱ። የሚቆርቡት በአብዛኛው ሕፃናትና አረጋውያን ናቸው። መሐል ያለነው ሁሉ ቆመን እናያለን። «ሳረጅ እቆርባለሁ» የሚል አነጋገርም አለን። ማርጀታችንን ማን ነገረን?

የበቃ ማንም የለም። የሚጠየቀው ንስሐ መግባት ነው። ንስሐ ግቡ፤ ቀኖናችሁን ፈጽሙ፤ የንስሐ አባታችሁ ሲፈቅዱላችሁ ቅረቡ። ከመቁረብ በፊት ቢያንስ 18 ሰዓት ከእህልና ከውኃ ይጾማል። ትዳር ያላችሁ አብራችሁ ተዘጋጁ። እኔ ያየሁት፣ ለመቁረብ ቀን የቆረጠ ሰው ኑሮው በራሱ ይስተካከላል። ማንን መታረቅ እንዳለበት፣ ምን መመለስ እንዳለበት ወዲያው ያውቃል።

ዐረብ አገር በሰው ቤት ነው የምሠራው። ቤተ ክርስቲያን መሄድ አልችልም።

እህቴ፣ በመጀመሪያ አይዞሽ። ሳዑዲ ዓረቢያን በመሰለ አገር ሕዝብ የሚሰበሰብበት ቤተ ክርስቲያን እንኳ የለም። ይህ ያንቺ ጥፋት አይደለም። ዳንኤል በባቢሎን በሰው አገር ነበር። በቀን ሦስት ጊዜ መስኮቱን ወደ ኢየሩሳሌም ከፍቶ ይጸልይ ነበር።

ሻማና ሥዕል አያስፈልግሽም። ዕቃ ስታጥቢ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» በጣትሽ አንጓ እየቆጠርሽ 41 ጊዜ በይ። ማንም አይሰማሽም። ልብስ ስትተኩሺ በቃልሽ የያዝሽውን መዝሙር አድርሺ። ስልክ ካለሽ እሑድ ቅዳሴውን ስሚ። የንስሐ አባትሽ አገር ቤት ካሉ አስደውዪላቸው፤ ስምሽን በጸሎት ይጠሩልሽ። ጾሙን መጠበቅ ካልቻልሽ ችግርሽን ንገሪያቸው፤ እንደ አቅምሽ ይወስኑልሻል። እዚያው ከተማ ያሉ እህቶችን ካገኘሽ ሁለት ሦስት ሆናችሁ በስልክ አብራችሁ ጸልዩ። ለቤተሰብ ከምትልኪው ላይ ለደጀ ሰላም የምትልኪያት ትንሽ ብር እንደ መበለቲቱ ሁለት ሳንቲም ናት።

በየቀኑ በዩቲዩብ ስብከት እሰማለሁ። ያ አይበቃም?

መስማት ጥሩ ነው። ችግሩ መስማት የማድረግን ያህል ደስ ማሰኘቱ ነው። ስለ ይቅርታ አንድ ሰዓት ሰምተን ይቅር ያልን ይመስለናል። እኔ ለራሴ የያዝሁት ሥርዓት አለ። አንድ ስብከት ከሰማሁ በዚያ ሳምንት አንዱን ነገር ሳላደርግ ሁለተኛ አልከፍትም። አንዳንዴ ሦስት ሳምንት ሳልከፍት እቆያለሁ። እርስ በርስ መሰዳደብ የበዛባቸውንማ ጭራሽ ተዉአቸው።

ጀምሬ ነበር፤ ለወራት አቋርጫለሁ። ያለፈውን ማካካስ አለብኝ?

ያልጸለያችሁትን ጸሎት ቆጥራችሁ አትከፍሉም። ካህኑ በቀኖና ካዘዟችሁ እሱ ሌላ ነው። «ጻድቅ ሰባት ጊዜ ይወድቃልና፥ ይነሣማል» ነው የተባለው (ምሳ. 24፥16)። ካቋረጣችሁበት በትንሹ ጀምሩ፤ ዐሥር ደቂቃ ይበዛ ከነበረ አምስት አድርጉት። ለምን እንደቆመ ግን ጠይቁ። ሌሊት ፊልም ስታዩ ስለምታመሹ ከሆነ የሚስተካከለው ማምሸቱ ነው። ሐዘን ከሆነ ሐዘኑን ለንስሐ አባታችሁ ንገሯቸው። ዛሬ ማታ ስልኩን ሳሎን ተዉት፤ ነገ 12 ሰዓት ላይ ተነሥታችሁ ፊታችሁን ታጠቡና ወደ ምሥራቅ ቁሙ።